የእናትህን ስም ያልጻፍኩበት ምክንያት

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ ፬ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ዑግባድ፣

ጅቡቲ ከገባህ አሥር ወር ሊሞላህ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌልህ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህን ግን የነገው ባቡር ሳይነሳ ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ።

አምና ክረምቱ ሳይገባ፣ የደቻቱ ወንዝ ዳር ነዋሪዎች ተሰብስበን «ጎርፍ ቢመጣ ሮጦ ማምለጥ የማይችለው ማን ነው?» ብለን የተማከርነውን ታስታውሳለህ። ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገቡ ለእኔ ተሰጠ። ለተመዘገበው ሁሉ የሚያወጣው ጎልማሳ ይመደብለታል። በእናንተ የቤት ረድፍ የተመደበው ጎረቤታችን ዋርፋ ነበር።

እናንተ ቤት ስደርስ አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። እኔም እንዳንተ «ሆዮ» የምላቸው እናትህ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። ደብተሩን ሲያዩ ተቆጡ።

«በዛብህ፣ እኔን ልትጽፍ ነው? ከቢዮ አዋሌ ወተት ተሸክሜ በእግሬ ስመላለስ የኖርኩ ሴት ነኝ! የሰው ሸክም ናት ብለህ አትጻፈኝ። ወላሂ አልወድም!»

ጉልበታቸውን አይቻለሁ። ግን ላስቀይማቸው አፈርኩና ዘለልኳቸው። ለአንተም አልነገርኩህም።

ነሐሴ ላይ፣ ያን ቀን ከቀትር በኋላ፣ እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ የደንገጎ ተራራ ግን በደመና ጠቁሯል። ከላይ በኩል «ውሃ! ውሃ!» የሚል ጩኸት ሲሰማ ሁሉም ወደየተመደበበት ሮጠ። ዋርፋ ዓይነ ስውሩን ሼኽ አዝሎ አወጣ፤ ተመልሶም አራሷን ከነልጇ። እኔ በእናንተ ደጅ ሳልፍ ሆዮ መቃኑን ይዘው ቆመዋል።

«ሆዮ፣ ይውጡ እንጂ!» አልኳቸው።

«መጣሁ፤ አንተ ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ አልነበረም። የተመዘገቡት አሥራ አንዱም ሰዎች ተርፈዋል።

በሆዮ ቀብር ዕለት ዋርፋን «እናቴን ለማን ትተሃት ነው?» ስትለው አጠገባችሁ ነበርኩ። ስማቸው መዝገቡ ላይ እንደሌለ ያውቃል፤ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ እኔን ብቻ አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አንተም እጁን ሳትጨብጥ ሄድክ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ዘንድሮው ክረምት ስንመክር ተነስቼ በሰው ፊት እውነቱን ተናገርኩ። ከእንግዲህ ወደደም ጠላም ጉልበቱ የደከመ ሁሉ እንዲጻፍ ተወሰነ። ስንበተን ዋርፋ ደጅ ጠበቀኝና «ለዑግባድስ ነገርከው?» አለኝ።

ይኸው ነገርኩህ። ይቅርታህን ለመለመን ገና አፌ አልደፈረም። ለእኔ ባትመልስልኝም አልቀየምህም። ለዋርፋ ግን፣ ነሐሴ ሳይገባ፣ ሁለት መስመር ጻፍለት።

በደለኛ ወንድምህ
በዛብህ ተሰማ