እማዬን ያልጠየቅህባቸው ሦስት ደብዳቤዎች

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሂሻም ጀብሪል፤ አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይ? የበረሃው ሙቀትስ እንዴት አደረገህ? የምትጠብቃቸው ግመሎችስ ልብ ገዙ ወይስ አሁንም ያሯሩጡሃል? እኔ እህትህ ናጅዋ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጤናዬ ደህና ነው። ይህን ስጽፍልህ ግን ፈርቻለሁ።

ይህን ወረቀት የሚያደርስልህ የመርሳው አብዱልሐሊም ነው። ለእረፍት መጥቶ ነበር፤ ሰሞኑን ወደሚነዳው የውኃ ቦቴ ሊመለስ ነው። ስልክ ከማይሠራበት በረሃህ ውኃ ሲያመጣ በእጅህ ይሰጥሃል። አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይነሳ ቃል አስገብቼዋለሁ። በል አንተም ቁጭ በል፤ ቆመህ እንዳታነበው።

አባባ ይህን ደብዳቤ አያውቁትም። ሌላ ጊዜ የጻፍኩትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነብላቸውና፣ እሰይ አሁን እሸጊው ሲሉኝ ነበር የማሽገው። ከጥቅምት ጀምሮ ግን የደበቅንህ ነገር አለ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ሰው አገር ብቻውን ያለ ልጅ ምን ሊሆን ነው፣ ሲመጣ ሽማግሌ ተቀምጦ ይነግረዋል ብለው አፌን አስያዙኝ። ጎረቤቱም ሁሉ ይህንኑ አለ። እኔም ውሸት ስጽፍልህ ከረምኩ።

ያነቃኝ ትምህርቴ ነው። እዚህ ወልድያ ስመጣ፣ እንግሊዝኛ ማጥናት ማለት መሸምደድ ይመስለኝ ነበር። ቁርኣን ቤት ያደግን ልጆች ሽምደዳ መቼ ይቸግረናል! ዘንድሮ ግን መምህር ሙላቱ የሚባሉ የጥልቅ ንባብ አስተማሪ ገጠሙን። አንዲት ገጽ ሰጥተው ሁለት ሳምንት ያቆዩናል። መዝገበ ቃላት ቶሎ መክፈት የለም፤ ማሽላ እንደሚለቀም ቃል በቃል መልቀም ነው።

አንድ ቀን የሰጡን ገጽ አንዲት ሴት ለልጇ የጻፈችው ደብዳቤ ነበር። ተነስቼ አነበብኩና ሁሉም ደህና ነው ትላለች አልኩ። ስለ ባሏስ ምን ትላለች አሉኝ። ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ፤ አንድም ቦታ የለም። ሰው የሚወደውን ሰው ስም ዘሎ የሚያልፈው ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። እኔ ግን ያሰብኩት ያቺን ሴት አይደለም፣ አንተን ነው።

ዶርም ገብቼ ደብዳቤዎችህን ከሻንጣዬ አወጣሁ። ድሮ ገና ሰላምታህ ሳያልቅ፣ እማዬ ጉልበቷ እንዴት ነው፣ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይ ትል ነበር። ከጥር ወዲህ በመጡት ሦስት ደብዳቤዎች ላይ አባባን ትጠይቃለህ፣ ታናሻችንን መሪማን ትጠይቃለህ፣ ጎረቤታችንን እትዬ ዓቢዳን ትጠይቃለህ፣ የላሚቱን ጥጃ እንኳ ትጠይቃለህ። እማዬን አልጠየቅህም። በመጨረሻው ላይማ፣ አደራ አባባን ብቻቸውን እንዳትተዉ ብለሃል። ብቻቸውን! እማዬ ካለች አባባ እንዴት ብቻቸውን ይሆናሉ? እኔ ሞኟ ይህን ለአባባ ሳነብ ልብ አላልኩትም። እሳቸው ግን ያን ዕለት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ።

ወንድሜ፣ ሰምተሃል። ማን እንደነገረህ አላውቅም፤ የአገራችን የሐራ ልጆች እዚያ አይጠፉም። ሰምተህ ነው እኛን እንዳታስጨንቅ ዝም ያልከው። እኛ ከአንተ ስንደብቅ አንተም ከእኛ ስትደብቅ፣ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ማለት የእኛ ነገር ነው።

ግን ብሳሳትስ? ይኸው ነው የሚያስፈራኝ። ስትቸኩል ዘለኸው ከሆነ፣ ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ዘመድ፣ በአንዲት ወረቀት ልገድልህ ነው። ጽፌ ቀደድኩ፤ እንደገና ጽፌ እንደገና ቀደድኩ። አባባ ቢሰሙ ዓይንሽን አልይ ይሉኝ ይሆናል። ቢሆንም ከጥር ጀምሮ ብቻህን እያለቀስክ ከሆነ ብዬ ሳስብ ዝም ማለት አቃተኝ። ሂሻም፣ እማዬ ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን፣ በጁምዓ፣ ወደ አኼራ ሄዳለች። አላህ ይዘንላት። አሁን የአብዱልሐሊምን እጅ ያዝ፤ አልቅስ።

ከዚያ በኋላ ስለ እሷ ጠይቀኝ። እንዴት እንደሄደች፣ ማን እንደገነዛት፣ ስለ አንተ ምን እንዳለች ጠይቀኝ። ካልጠየቅኸኝ ለማን እነግረዋለሁ?

አባባ፣ ባለፈው እሑድ ቤት ሄጄ ስመለስ፣ ዱዓዬ አይለየው በይው ብለውኛል። መሪማ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን እየፈራች ሰላም ብላሃለች። እትዬ ዓቢዳ ከነልጆቻቸው ሰላም ብለውሃል። ጥጃዋም ጊደር ሆናለች። ከዚህ ቀጥሎ ሁልጊዜ፣ እማዬም ሰላም ብላሃለች እያልኩ እጽፍ ነበር። ዛሬ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።

እህትህ ናጅዋ ጀብሪል
ወልድያ፣ ግንቦት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.