ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ለእታለም፣ ለታላቅ እኅቴ፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር «ውይ» ያሰኝሻል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ልጆቹስ? ታላቋ ፈተናዋን አለፈች? እማዬስ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ጉንፋን እንኳ አልጎበኘኝም። ደህና ያልሆነው ሌላው ነገሬ ነው። እሱን ልጽፍልሽ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ይህ አራተኛው ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ «የቤታችን ነገር ከምን ደረሰ? ፎቶ ላክልኝ እንጂ» ብለሽኝ ነበር። ዝም ያልኩሽ ረስቼው አይደለም። ሱቅሽን ሸጠሽ ግማሹን የከፈልሽበት ቤት ነውና መጠየቅ መብትሽ ነው። ልደብቅሽ ሞክሬ ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነብኝ እንጂ።

ጋራዥ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎማ ቀያሪ አለ፤ «ፕሮፌሰር» እንለዋለን። ምሳ ሰዓት ላይ ካርቶን አንጥፎ አውቶቡስ ጥላ ሥር ጋደም ይልና ስለ ኪራይ ቤት ያስተምረናል። «ደመወዝ በላብህ ነው፤ ኪራይ ግን ተኝተህ የምትበላው ነው። አንድ ትንሽ ቤት ትገዛለህ፣ እሱ ሁለተኛውን ይገዛልሃል፣ ከዚያ ቱታህን አውልቀህ መጣል ነው» ይላል። ያኔ ሱቅሽን ሽጪ ብዬ የጻፍኩልሽ ቃል ሁሉ የእሱ ነበር። እሱ ራሱ አማቱ ቤት ተጠግቶ እንደሚኖር የሰማሁት ውሉን ከፈረምኩ በኋላ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቱታ የለበሰ ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኔ ነው።

ቤቱ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ሰው ብቻ የሚያስቆም ማድ ቤት። ሻጩ በሩን ገርበብ አድርጎ «ተከራይ አለችበት፤ በወሩ ትለቃለች» አለኝ። እኔም አዋቂ መስዬ ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ መስኮቱን ከፍቼ ዘጋሁ። ውስጥ ያለችውን ሰው ግን «እውነት ትለቂያለሽ ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳትም።

ተከራይዋ ልብስ ሰፊ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ኖራበታለች፤ የምትኖረውም ከእናቷ ጋር ነው። አሮጊቷ ግማሽ ጎናቸው አይታዘዝላቸውም፣ ዓይናቸውም ጠፍቷል። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ፣ ከመኪናው ጎን የእናትየው አልጋ፤ አንዱን እጅጌ ሰፍታ ስትጨርስ ዞር ብላ ታጎርሳቸዋለች። ኪራዩን አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ነገር ግን ኪራዩ ድሮ የተቆረጠ ስለሆነ ቀሪውን ያበደረኝ ባንክ በየወሩ ከሚወስድብኝ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ይህን ፕሮፌሰር አላስተማረኝም።

ጨምሪ አልኳት፤ ጨመረች። እንደገና ጨምሪ ስላት «ከዚህ በላይ ከጨመርኩ የእናቴን መድኃኒት መተው ሊኖርብኝ ነው። እርስዎ የቱን ልተው ይሉኛል?» አለችኝ። እንግዲያው ልቀቂ ብላት «በዚህ ደረጃ እናቴን ተሸክሜ ወዴት?» አለች። ፕሮፌሰርን ሳማክረው «አስወጣት አልልህም፣ ሕግ አለ። ኑሮውን ብቻ አክብድባት፤ ራሷ ትወጣለች» አለኝ።

እታለም፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ስታነቢ «ይህስ ወንድሜ አይደለም» ትዪ ይሆናል። ከደረጃው ሥር የየቤቱ የውሃ መዝጊያ አለ። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ አልኩና ጎንበስ ብዬ የእሷን ዘጋሁት። ስትደውልልኝ «ቧንቧው ተበላሽቷል፤ ዕቃ እስኪገኝ ታገሺ» አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ዕድሜ ልኬን የተበላሸ ስጠግን የኖርኩ ሰው ደህናውን በገዛ እጄ ዘጋሁ። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን እየቀዳች ሦስት ፎቅ ወጣች። የአልጋ ቁራኛ ያለበት ቤት ስንት ውሃ እንደሚፈጅ እኔና አንቺ አባዬን አስታመን እናውቀዋለን። አላወቅኩም ነበር ብዬ አላታልልሽም። አውቄ ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን «ቤት አግኝቻለሁ» አለችኝ። ቁልፌን ልቀበል ሄድኩ። ጋሪ የሚገፋው ተሸካሚ ዕቃውን ይዞ ቀድሟል፤ የቀሩት እናትየው ብቻ ናቸው። ወንበር ላይ አስቀምጣ በነጠላ አስራቸዋለች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አንድ ሰው ከላይ፣ አንድ ሰው ከታች ካልያዘ አይሆንም። ዙሪያዬን ባይ ሌላ ሰው የለም። እሷ ከላይ ያዘች፣ እኔ ከታች።

አሮጊቷ «ማነው ከታች የያዘኝ?» አሉ። ልጅቷ ትኩር ብላ አየችኝና «ተሸካሚ ነው፣ እማ» አለች። ከዚያ በየደረጃው ይመርቁኝ ጀመር። «ጉልበትህን ይባርከው፣ ልጄ። ክፉ አከራይ አይጣልብህ። የራስህን ጣራ ይስጥህ።» ሦስት ፎቅ ሙሉ መረቁኝ። ድምፄን ያውቁታልና አንዲት «አሜን» እንኳ ሳይወጣኝ ታች ደረስኩ።

እነሱ እንደሄዱ መዝጊያውን ከፈትኩ። አሮጌ ቧንቧ ደርቆ ከከረመ ዝገቱ ይላቀቃል፤ መካኒክ ነኝና ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ውሃው በአንዴ ሲመጣ ግድግዳው ውስጥ ፈነዳ። አስፈልፍዬ ቀየርኩት፣ ቀለም ቀባሁት፤ እድፉ ግን ቀለሙን አልፎ ብቅ ይላል፣ ሽታውም አልለቅ አለ። ቤት ፈላጊ ይመጣል፣ በሩ ላይ ቆሞ ያሸታል፣ «እንደውልልሃለን» ብሎ ይወርዳል። አምስት ወር እንዲህ አለፈ። ፕሮፌሰር «ኢንቨስትመንት ማለት ትዕግሥት ነው» ሲለኝ በእጄ የነበረውን መፍቻ መሬት ያስቀመጠልኝ ፈጣሪ ነው። በዚህ መሐል የእኔም አከራይ ኪራይ ጨመረችብኝ። ልለምናት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። በምን አፌ? ጓዜን ጠቅልዬ እዚሁ እርጥብ ቤት ገባሁ።

ባለፈው እሑድ ልብስ ሰፊዋን ፈልጌ አገኘኋት። ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ፣ መስኮት የሌለው የዱቄት መጋዘን ውስጥ ናት፤ እናትየው ጥግ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። በሩ ላይ ቆሜ ቧንቧውን የዘጋሁት እኔ ነኝ አልኳት። ግድግዳውን ራሴ እጠግናለሁ፣ በድሮው ኪራይ ተመለሺ አልኳት። ክሩን በጥርሷ በጠሰችና «አውቅ ነበር። በሁለተኛው ቀን የታችኛዋ ጎረቤት ስትዘጋ እንዳየችህ ነገረችኝ» አለች። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ትለኝ የነበረች ሴት «አንተ» አለችኝ። ታዲያ ለምን አልከፈትሽውም አልኳት። «እኔ ብከፍተው አንተ ሌላ ነገር ትዘጋለህ ብዬ ነው» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናቴ ዛሬም ያንን ተሸካሚ ትመርቃለች። አንተ መሆንህን አልነገርኳትም። ለአንተ አዝኜ እንዳይመስልህ፤ ምርቃቷ እንዳይቆጫት ነው። አሁን ሂድ፣ እንዳትሰማህ» ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች።

ሄድኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

እንግዲህ የገንዘብሽ ነገር ይህ ነው። ሽጠው ካልሽኝ ባወጣው ዋጋ እሸጠዋለሁ፤ የሚጎድለውን ከደመወዜ እየቆረጥኩ እሞላልሻለሁ። ይቆይ ካልሽም ይቆያል። ብቻ ሰው ሲገባበት ኪራዩን የምትቆርጪው አንቺ ሁኚ። እኔ ራሴን አላምነውም። ልትሰድቢኝ ከፈለግሽም ጽፈሽ ስደቢኝ፤ ዝም ብቻ አትበዪኝ።

ባለቤትሽን አጥብቀሽ ሳሚልኝ፤ «ሱቁን አትሽጪ» ያለሽ እሱ ነበር፤ ልክ ነበር በይልኝ። ለታላቋ ብዕር ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የሱቅሽን ጎረቤት ጫማ ሰፊውንም ሰላም በይው፣ ካለ። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ አታንብቢላት። ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ባለ ቤት ሆነ» እያለች እንደምትኮራ ጽፈሽልኛል፤ ተያት፣ ትኩራ። ቤቱ ውስጥ ማን ይኖራል ብላ ከጠየቀችሽ ግን እውነቱን ንገሪያት፦ እሱ ራሱ፣ ብቻውን።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሦስተኛው ፎቅ
ሚያዝያ ፱ ቀን