ስልሳ አምስት ኪሎ ሜትር

ሰኞ፣ ኅዳር 3/2005፣ ጠዋት 3፡30

የሽሮ ማሸጊያውን ጽሑፍ እያስተካከልኩ ነው። ጋሽ ላቀው «የተበጠረ» የሚለው ቃል ጎላ ብሎ ይታይ ብለዋል። አጎላሁት። አሁን ደግሞ ከድርጅቱ ስም በለጠ ይላሉ። መብራት አንዴ ሄዶ መጥቷል፤ የሠራሁት ግማሹ ጠፍቷል።

ግቢው ውስጥ ጫጫታ አለ። ቅዳሜ በአይሱዙ የመጣውን የብረት ወፍጮ እየተከሉ ነው። የድንጋዮቹ ወፍጮዎች ተነቅለው ግድግዳ ሥር ተደርድረዋል። አባዬ እጁን አጣጥፎ አጠገባቸው ቆሟል። ከመስኮቴ ይታየኛል። መውቀሪያ ሳይዝ በሥራ ሰዓት ሳየው ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

አዲስ ደብተር ስለሆንሽ ልንገርሽ። አባዬ እዚህ ደ/ማርቆስ፣ የጋሽ ላቀው ወፍጮ ቤት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድንጋይ ወቅሯል። የወፍጮ ድንጋይ ጥርሱ ሲያልቅ እህሉን ይደፈጥጠዋል እንጂ አይፈጨውም። ድንጋዩን አንስቶ፣ በመውቀሪያ እየቀጠቀጡ ጥርስ ማውጣት፣ መልሶ መግጠም። የአባዬ ሥራ ይኸው ነው። ሌላ አያውቅም። እኔን ለጸሐፊነት ያስገባኝም እሱ ነው። የብረቱ ወፍጮ መወቀር አያሻውም።

9፡00። ጋሽ ላቀው አባዬን ጠርተው አነጋገሩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በጨዋ ደንብ ነው የነገሩት፤ ወንበር ስበው፣ አስቀምጠው። እኔን ቀና ብለው አላዩኝም። እኔም ዓይኔን ከሽሮው ላይ አላነሳሁም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

የአባዬ ፊት ፈክቷል። ደምበጫ ያለው አቶ ሞላ ሰው ልኮበታል። ሁለት የድንጋይ ወፍጮ አለው፤ ወቃሪው ዓይኑ ደክሟል፤ ና ብሎታል። ሰኞ ሄዶ ቅዳሜ ይመለሳል። እማዬ ደም ግፊቷ በመጣባት ቁጥር የሚይዛት እሱ ነው፤ ከዚያ በላይ መራቅ አይፈልግም። ደምበጫ ደግሞ ሩቅ አይደለም፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ማታ ራት ላይ የአቶ ሞላን ድንጋይ ገና ሳያየው አማ። በደንብ ያልተወቀረ ነው አለ።

ደስ ሊለኝ ይገባል። የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፣ 5፡00

አወቅሁ።

ጋሽ ላቀው የአቶ ሞላን ጥሪ ሰምተዋል፤ የአባዬን ፋይል አስመጡ። የሥራ ውሉን አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አንቀጽ 14ን ጮክ ብለው አነበቡልኝ። ሠራተኛው ከድርጅቱ ከተለየ በኋላ ለሁለት ዓመት፣ ከድርጅቱ በስልሳ አምስት ኪ.ሜ ዙሪያ፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ አይሰማራም። ቆም አሉና፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጻፍሽው አሉኝ። ከአቶ ሞላ ጋር የቆየ ገበያተኛ የመነጣጠቅ ነገር አለባቸው። አባዬን አይፈልጉትም፤ ሞላም እንዲያገኘው አይፈልጉም።

እኔ አልጻፍኩትም። ይኸው ለአንቺ ብቻ። ባለፈው ግንቦት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የጽሑፍ ውል ይኑር የሚል ማሳሰቢያ መጣ። ጋሽ ላቀው ጠበቃ ምን ያደርግልናል፣ አንቺ ኮምፒውተር ትችይ የለ ብለው ኢንተርኔት ቤት ላኩኝ። ነፃ የሥራ ውል ፎርማት ብዬ በእንግሊዝኛ ፈለግሁ። መዓት መጣ። የመጀመሪያውን በፍላሽ ይዤ ተመለስኩ፤ መዝገበ ቃላት አጠገቤ ከፍቼ በአራት ቀን ወደ አማርኛ ገለበጥኩት። የየት አገር እንደሆነ እንኳ አላየሁም። አንቀጽ 9 በረዶ የጣለ ቀን ሥራ የለም ይላል። ሐምሌ ላይ በረዶ ሲወርድ ሠራተኛው በሙሉ ወጥቶ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ጋሽ ላቀው ሲቆጡ ውሉን አሳዩአቸው። ያን ቀን ስንስቅ ዋልን።

14 ላይ አርባ ማይል ይላል። ማይል የሚያውቅ የለም ብዬ በካልኩሌተር አባዛሁት። ስልሳ አራት ከምናምን መጣ። ቁጥሩ እንዲያምር ስልሳ አምስት አልኩት። አርባውን እንዳለ ትቼ ኪ.ሜ ብዬበት ቢሆን ኖሮ ደምበጫ ውጭ ትቀር ነበር። በትጋቴ አስገባኋት።

የተፈረመ ቀን ትዝ ይለኛል። ፎርማቱ ግርጌ ላይ ለእማኝ የተተወ ክፍት ቦታ ነበረ፤ ጋሽ ላቀው የነፍስ አባታቸውን ጠሩ። አባ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። የፈረመ ሁሉ መስቀል ተሳለመ። አባዬ መጀመሪያ ፈረመ። በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ሁለቱን ገጽ እንደ ዳዊት ዜማ እየሰጠ አነበበው። ልጄ የጻፈችው ነው አለ፣ ዞሮ ለሁሉም እንዲሰማ። አሥራ አንዱ ተከትለውት ፈረሙ። እኔ አላረምኩትም። የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር የተገዛልኝ በዚያው ሳምንት ነው።

10፡30። ደብዳቤውን እኔው ጻፍኩት። ለአቶ እንየው፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ማሳሰቢያ ስለመስጠት። ቁጥር ሰጠሁት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ወርጄ ሰጠሁት። አባዬ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። መቀበያ መዝገቡ ላይ ፈረመልኝ። ሳያነበው፣ ተባረኪ አለኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ላቀውን ጋሽ አልለውም፤ አንቱም አልለውም። እዚህ ደብተር ላይ ብቻ።

ሰኞ፣ ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ፖስታ ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁ። ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ነው የሄድኩት። አንድ ወጣት ባለሙያ አገኘሁ። ውሉን አነበበ። 9 ላይ ሳቀ። 14 ላይ መሳቁን ተወ። ለአንድ ወቃሪ እንዲህ ያለ ነገር የትም አይጸናም አለኝ፤ ሕጉም አያውቀውም። ከየት ነው የቀዱት ብሎ ጠየቀኝ። ማን እንደቀዳው አልነገርኩትም። ባለጉዳዩ ራሱ መጥቶ ያመልክት፣ ቀሪውን ለኛ ተዉት አለ።

በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ አጠረብኝ። ገበያው ዳር አንድ ባጃጅ ልትገጨኝ ነበር፤ ሹፌሩ ሰደበኝ፤ ይቅርታ ወንድሜ አልኩት። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

አይሄድም።

ሁሉንም ነገርኩት። ቢሮው ያለውን፣ ባለሙያው ያለውን። አባዬ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ፣ መስቀል ስሜ ነው የፈረምኩት አለኝ። ሕጉ ባያስረኝም ቃሌ ያስረኛል አለ። ይህን ጠብቄ ነበር፤ ለዚህ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለተኛውን አልጠበቅሁም። ልጄ የጻፈችውን ወረቀት እርባና የለውም ብዬ ሰው ፊት አልቆምም አለ። አንቺ አራት ቀን ሙሉ አጎንብሰሽ የጻፍሽውን።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ተነስቼ የእማዬን መድኃኒት ሰጠኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ አባን አገኘኋቸው፤ መስቀል ያሳለሙትን። አባቴን ይፍቱልኝ አልኳቸው። አዘኑ፤ የእውነት አዘኑ። እኔ አልገዘትኩትም ልጄ አሉ፤ የተፈራረሙት በሰላም ይሁን ብዬ ባረክሁ እንጂ። ቃሉን የተቀበለው ላቀው ነው፤ ይቅር ማለት ያለበት እሱ ነው። ላነጋግረው አሉ።

ከሰዓት አነጋገሩት። ላቀው፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ ሲያልፍ የፈለገበት ይግባ ብሎ ሸኛቸው። አባዬ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ነገርኩት።

ትናንት ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ገጹ አሁንም አለ። እንደዚያው ነፃ ይላል፤ አንድ የሚስቅ ሰው ፎቶ ከጎኑ አለ። ፕሪንት አደረግሁት። ዛሬ አባዬ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ፊቱ አስቀመጥኩት። አልጻፍኩትም፣ ገለበጥኩት አልኩ። ግማሹን ሳይገባኝ ገለበጥኩት። እያለቀስኩ ነበር። ይህን ሲሰማ ይቀለዋል ብዬ ነበር፤ የልጁ ጽሑፍ ካልሆነ የሚጠብቀው ክብር የለ፤ ነገውኑ ቢሮ ይሄዳል ብዬ።

እንግሊዝኛውን ገጽ በገጽ ገለጠው፤ ማንበብ አይችልም። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ አስኬደ። ይህን የጻፈው ሰው ማነው አለኝ። አይታወቅም አልኩ። ወፍጮ ያውቃል ወይ አለኝ። አያውቅም አባዬ። እኛን ያውቀናል ወይ። አያውቀንም።

ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አሥራ አንድ ሰው እኔን አምኖ ነው የፈረመው አለ። ልጄ ጻፈችው ስላልኩ። አሁን ሄጄ ውሸት ነው ብል፣ እኔ ምን ተብዬ ልጠራ ነው። ከዚያ ወጥቶ አጥሩን ማስተካከል ጀመረ። ደህና የነበረውን አጥር።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። እሱንም ዛሬ ወሰድኩበት። ከእንግዲህ ልጄ ጻፈችው የሚለው የለውም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፣ ጠዋት 12፡40

መናኸሪያ ሸኝቼው መጣሁ። ቻግኒ ነው የሚሄደው። ቆላ። እዚያ የአንድ የድሮ ቆሎ ተማሪ ጓደኛው ወንድም ወፍጮ አለው። አባዬ ሙቀት አይችልም፤ ዓባይ በረሃ እንኳ ስንሻገር መታመም ይጀምራል። ለእማዬ እህቷን ከቁይ አምጥተናል።

የያዘው አንድ ጆንያ ነው። ጋቢው፣ ዳዊቱ፣ አራት መውቀሪያ። ጆንያውን አውቶቡሱ ላይ ሲጭኑ፣ ብረት አለበት ብለው ተጨቃጨቁ። አባዬ የሥራ ዕቃዬ ነው አለ፤ ፈትቶ አሳያቸው።

ሊገባ ሲል ዞረ። ስልሳ አምስቱን ያልፋል አይደል አለኝ። ያልፋል አልኩ። ለክተሽዋል አለ። ለክቼዋለሁ አባዬ አልኩ። ራሱን ነቅንቆ ገባ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ደወለ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። በሰላም ገብቷል። ድንጋዮቹ በጣም የተበላሹ ናቸው አለ፤ ድምፁ ላይ ትንሽ ደስታ ያለ መሰለኝ፤ እንጃ። አውቶቡሱ ለቁርስ ደምበጫ ቆሞ ነበር አለ። የአቶ ሞላ ወፍጮ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ሲፈጭ ይሰማል። ድምፁ ጥሩ አይደለም፣ ድንጋዩ መወቀር አለበት አለ። ወርደህ ነበር ወይ አልኩት። አልወረድኩም አለ። ቁርሱንም መቀመጫዬ ላይ ሆኜ በላሁ።

ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገባም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3፣ 4፡00

ላቀው ጠራኝ። የብረቱን ወፍጮ የሚያሠራ ሰው ቀጥሯል። ውል አዘጋጂለት፣ ያው ነው፣ ስሙን ብቻ ቀይሪው አለኝ።

ፋይሉን ከፈትኩ። መጀመሪያ የተዘጋጀው የአባዬ ስለነበር፣ ስሙ እስካሁን እዚያው አለ። አጠፋሁት፣ የሰውየውን ጻፍኩ። 14 ላይ ደረስኩ። እሱንም አጠፋሁት። 15 የነበረው ራሱ 14 ሆነ። ቦታው ምንም ኖሮበት የማያውቅ መሰለ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር። ግንቦት ላይም አንድ ቁልፍ ነበር።

ፕሪንት አድርጌ ወሰድኩለት። ላቀው ሳያነብ ፈረመ። አዲሱም ሳያነብ ፈረመ። ዛሬ መስቀል የለም፤ አባም አልተጠሩም።

10፡15

አንድ የማላውቀው ሰው ነፃ ወጣ። አባዬ ቻግኒ ነው። አሥራ አንዱ እዚያው ወረቀት ላይ ናቸው፤ ከመካከላቸው ማን መቼ እንደሚወጣ አላውቅም።

ወሰንኩ። ነገ ለምሳ ሲወጡ፣ ድንጋዮቹ የተደረደሩበት ጋ ቆሜ እነግራቸዋለሁ። አባዬ ሊለው አፍሮ የሄደውን እኔ እላለሁ። ተስፋ አድርጌ አይደለም። ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ፈርመናል ነው የሚሉኝ፤ መስቀል ስመናል። ላቀውም በዚያው ቀን ያሰናብተኛል። እኔም ያንኑ ውል ፈርሜያለሁ፤ በስልሳ አምስት ኪ.ሜ ውስጥ የማንም ጸሐፊ አልሆንም ማለት ነው። ይሁን።

እንዳይጠፋኝ የምጀምርበትን ልጻፈው። ይህን ውል እኔ አልጻፍኩትም። የማላውቀው ሰው የጻፈውን ሳይገባኝ ገለበጥኩት። አባቴ ግን እኔ የጻፍኩት መስሎት ፈረመ፤ እናንተም እሱን አምናችሁ ፈረማችሁ።