የዘንታ አክሊል

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ጠዋት ጉም ነበር። ቀትር ላይ ገለጠ። በር ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጬ የጥድ እንጨት በመላጊያ ስልግ ዋልኩ። ለላሞቹ አክሊል ነው። ላሞቹ በጋውን ከከረሙበት ተራራ ሊወርዱ ሦስት ሳምንት እንኳ አልቀረም። ዐሥራ አንድ ራስ፣ ዐሥራ አንድ አክሊል። ስሱን ፍቅፋቂ ቀይና ሰማያዊ ቀልሜ፣ አጣጥፌ አበባ አደርገዋለሁ።

ከሙኒክ የመጡ ሁለት ጎብኚዎች ቆመው ፎቶ አነሱኝ። “ይሄ ምን ይሆናል?” አሉ። “ለሾርባ ነው። መጀመሪያ በቅቤ ይጠበሳል።” ሴትየዋ ጻፈችው! እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ወደ ማታ ልጄ ሌንሃርት ከላይ ወረደ። “ላሞቹ ደህና ናቸው?” “ደህና።” አፌ ሳይዘጋ ነው የመለሰው። ሌንሃርት “ምሳ በላህ?” ቢሉት እንኳ አስቦ የሚመልስ ሰው ነው። ምን አስቸኮለው?

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 3

የዘንታን ቃጭል መጋዘን ውስጥ፣ ከጆንያ ሥር አገኘሁት። (መጋዘን ምን ልሠራ ገባሁ? ልሰልል ነዋ።)

“ጠፍሩ ተበጥሶ ነው ያወረድኩት አባዬ” አለኝ ሌንሃርት።

ጠፍሩን አገላብጬ አየሁት። እንደ እኔ አርጅቷል እንጂ አልተበጠሰም። ዘንታ የመንጋው መሪ ናት። ዐሥራ አራት ዓመቷ... በገዛ እጄ ከእናቷ ሆድ ጎትቼ ያወጣኋት። መሪ ላም ያለ ቃጭል ተራራ ላይ ምን ታደርጋለች?

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 5

የምራቴ የቡርጊ ነገርም አላማረኝም። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ዛሬ ደግሞ ሳልጠይቃት የፕለም ኬክ ጋገረችልኝ። “አባባ፣ ይብሉ እንጂ።” ሁለተኛ ቁራሽ ጨመረች። “ስኳር ይቀንሱ” እያለች ስታሳድደኝ የከረመች ሴት!

“ምን አጥፍተሽ ነው?” አልኳት።

ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ከጎብኚዎች ቢሮ ወይዘሮ ኪስሊንግ መጣች። ላሞቹ ሲወርዱ ለማየት ስድስት አውቶቡስ ሙሉ ሰው ይመጣል አለች።

“አክሊሎቹ ይደርሳሉ ጋሽ ፊንሰንስ?”

“ላሞቹ ከደረሱ አክሊሎቹ ይደርሳሉ።”

ሌንሃርትን ሳል ያዘው።

ደንቡን እሱም ያውቀዋል። በጋውን ከብት ካልሞተ፣ ከቤተሰብም ሰው ካልሞተ፣ ላሞቹ አክሊል ደፍተው ይወርዳሉ። ከሞተ ግን በባዶ ራሳቸው ነው። ሐዘን ላይ ጌጥ የለም። ሚስቴ ክሬሰንስ በሞተችበት ዓመት እንደዚያ ወረዱ... መንደሩ ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ አሳለፋቸው።

እንግዲህ ዘንታ ሞታ ከሆነ፣ እነሱም ለስድስት አውቶቡስ ሲሉ ከደበቁኝ... እኔ እዚህ ተቀምጬ በአበባ ያጌጠ ውሸት እየሠራሁ ነዋ?

ዐርብ፣ ሴፕቴምበር 11

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ብዬ ለሌንሃርት ሦስት ቢራ ቀዳሁለት።

“ዘንታ እንዴት ናት?”

“ትግጣለች።”

አራተኛውን ቀዳሁ። ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። ብቅሉም ከእነሱ ጋር አድሟል!

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 13

ላይ ከላሞቹ ጋር የከረመችው የልጅ ልጄ አፍራ ናት። ደወልኩላት።

“አያትዬ! ናፈቅከኝ እኮ!”

“እኔን ተዪኝና የዘንታን ፎቶ ላኪልኝ። ለአክሊሉ የቀንዷን ስፋት ማየት ፈልጌ ነው።”

“ኔትወርኩ እኮ አያትዬ...”

“አሁን እየሰማሽኝ አይደል?”

ከሰዓት በኋላ ፎቶው መጣ። ቡርጊ ስልኳን አቀበለችኝ። “ይኸው አባባ፣ አሁን የተነሣ ነው።”

ዘንታ ቆማለች። ወፍራም፣ ጠጕሯ የሚያበራ። ደስ ሊለኝ ነበር... እግሯ ሥር ግን ቀዩ የተራራ አበባ ፈክቷል። ያ አበባ የጁን ነው። በሴፕቴምበር እዚያ ላይ ቢጫ ሣር እንጂ ምን አለ?

“ታምራለች” ብዬ ስልኩን መለስኩ። ክፍሌ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 15

እራት ሲቀርብ ቃጭሉን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ሾርባው አጠገብ አስቀመጥኩት። “ዘንታም ትብላ” አልኩ።

ቡርጊ አለቀሰች። ሌንሃርት ማንኪያውን አስቀምጦ ነገረኝ። በኦገስት መጨረሻ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጥሎ፣ ዘንታን ድንጋዩ አንሸራትቷት ገደል ገባች።

“ለኪስሊንግ ብላችሁ ነው የደበቃችሁኝ?”

“ለእሷም... አልዋሽህም አባዬ። ግን እማዬ የሞተች ጊዜ ሦስት ወር እህል አልቀመስክም። አሁን ደግሞ ልብህ...” ቡርጊ አየችው። አፉን ዘጋ።

“ዐሥራ አንደኛውን አክሊል ማን ሊደፋው ነበር? አንተ?”

“ከጎረቤታችን ከኦይገን የምትመስላትን ላም ልንዋስ ነበር።”

“የኦይገንን ላም! እንደ ባለቤቷ የምታነክሰውን?”

ቡርጊ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሌንሃርት ግን አልሳቀም። “ስድስት አውቶቡስ እኮ ነው አባዬ። ምን እንበላቸው?”

“ሐዘን ላይ ነን በላቸው። በጀርመንኛ ይገባቸዋል።”

አክሊል የለም ተባለ። ከእንግዲህም ከእኔ የሚደበቅ ነገር እንደማይኖር በእናቱ አስማልኩት። ቡርጊንም ጭምር።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 19

ወረዱ። ዐሥር ባዶ ራስ። የፊተኛዋ አንገት ላይ ጥቁር ጨርቅ ብቻ። አፍራ ከፊት፣ ዐይኗ ቀልቷል። ስታልፍ እጄን ጨበጥ አድርጋ “ይቅር በለኝ” አለችኝ። “አንቺ የጁን ፎቶ አንሺ!” አልኳት።

አንዱ ጎብኚ “ጌጡ የታለ? ለዚህ ነው አራት ሰዓት የተጓዝነው?” ብሎ ጮኸ። “ቀይ ነገር ማየት ከፈለግክ የኦይገንን አፍንጫ እይ” አልኩት። ኦይገን ሰምቷል፤ ግን አልመለሰልኝም። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር። ሌሎቹ ሽማግሌዎችም አወለቁ። ከጎብኚዎቹ ጥቂቶቹ አኩርፈው ወደ አውቶቡስ ተመለሱ። የቀሩት ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ። ወይዘሮ ኪስሊንግ ገና ታኮርፈኛለች... ታኩርፍ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 22

ዛሬ ቁርስ ላይ ሌንሃርትና ቡርጊ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። መሐላውን አልረሱም። ሐኪሙ በፀደይ የነገራቸውን ነገሩኝ። ልቤ ደክሟል። ምናልባት አንድ ዓመት፣ ምናልባት ሁለት... ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጣቸውም።

እኔ ደግሞ ጆንያ እየገለበጥኩ የላም ሞት ስሰልል ነበር።

“ስለነገራችሁኝ አመሰግናለሁ” አልኩ። እውነቴን ነው። ቡርጊ ግን እንባዋ ሊመጣ ሆነ። “አይዞሽ፣ ብሞትም በረዶው መሬት ላይ ሳለ፣ ላሞቹ በረት ሳሉ ነው የምሞተው። በበጋ ሞቼ የእናንተን አክሊል አላስቀርም።”

“አባባ ደግሞ!” ብላ በእጅ ፎጣው ትከሻዬን መታችኝ።

የቀለድኩ መስሏታል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አልሞትም። ከቀሩት ወሮች እግዜር የወደደውን ይምረጥ።