መሰላሉን የሳብኩት እኔ ነኝ

ለምወድህ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? የዚያ ሜዳ አቧራ ዓይንህን እንዳይጎዳው መነጽርህን ታደርጋለህ ወይ? የነፋስ ማመንጫዎቹስ ይዞሩልሃል ወይስ እንደ ባለፈው ወር ነፋስ ጠፍቶ ተገትረው ነው የሚውሉት? እኔ በአካል ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድማችን ሙዓዝም ቆሞ ይሄዳል። እማዬ ትንሽ ትንሽ መቅመስ ጀምራለች።

ከቅዳሜ ጀምሮ ስትደውል ያላነሳነው ስልካችን ተበላሽቶ አይደለም። «ኔትወርክ እያስቸገረ ነው» ብዬ የጻፍኩልህም ውሸት ነው። ልነግርህ ደውዬ ሳይጠራ ዘጋሁት። ይህን ደብዳቤ አጎታችን ሀሚድ በእጁ ይሰጥሃል። እስከ መጨረሻው አንብበው፤ ከዚያ እሱን ስማው።

ነገሩ የባዮጋዙ ጉድጓድ ነው። አባባን አግባብተህ ያስቆፈርከው አንተ ስለሆንክ አስቀድሜ አንድ ነገር ልበልህ፤ ያ ጉድጓድ ክፉ ነገር አልነበረም። ድሮ የላሞቹ እበት ወደ ቀበና ወንዝ እየወረደ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት አኩርፎን እንደነበር ታስታውሳለህ። እማዬም ከሾላ ገበያ በምታስመጣው ከሰል ጭስ ስትታፈን ነው የኖረችው። ጋዙ መጀመሪያ የተለኮሰ ቀን ሰማያዊውን ነበልባል አይታ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። ሳሏም ቀነሰላት። መብራት ጠፍቶ መንደሩ ሲጨነቅ የእኛ ወጥ ይንተከተክ ነበር። ዝቃጩን እንኳ እንጦጦ ግርጌ አትክልት የሚያለሙት ሰዎች እየተሻሙ ይወስዱት ነበር። አባባ ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄን ያመጣው ልጄ ነው» ይሉ ነበር። ይህን እወቅልኝ።

ችግሩም ግን አልጠፋም። ክረምቱን እንደምንም አለፍነው፤ ያስተከልክልን ሶላር በደመናው ምክንያት የጋጣውን አምፖል እንኳ አምሽቶ አያበራም ነበር። ታኅሣሥ ሲገባ ደግሞ ብርዱ ከእንጦጦ ወረደና ጋዙ ደከመ። ከሁሉ የባሰው የቧንቧው ውሃ መጥፋቱ ነው። እበቱ በደንብ በውሃ ካልተበጠበጠ እንደማይሆን ታውቃለህ። በጄሪካን እየቀዳን፣ እየቆጠብን፣ ወፍራሙን ስንጨምር ሰንብተን መውጫው ተደፈነ። ምድጃው ላይ የምትቀረው ነበልባል ሻይ ለማፍላት እንኳ ታስለምናለች። የሠራው ባለሙያ ሲደወልለት ክፍለ ሀገር ነበር፤ እኔ ሳልመጣ እንዳትነኩት አለ። አባባ «እበቱ ይጠብቀዋል እንዴ?» ብለው ሳቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ስላልነበረኝ ጓሮ ቁጭ ብዬ የወተት ጣሳ አጥባለሁ። አባባና ሙዓዝ የመውጫውን የሲሚንቶ ክዳን አነሱት። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ የጠፋ መሰለን። አባባ መሰላሉን ይዘው ወረዱ። ባልዲ ቶሎ አላቀበልክም ብለው ሙዓዝን ይቆጡታል፤ እኔም እሰማለሁ። ከዚያ በቃላቸው መሐል ዝም አሉ።

ሙዓዝ ጠራቸው። ሮጬ ሳይ አካፋውን እንደያዙ ግድግዳውን ተደግፈው ተንሸራተዋል፣ ጭቃው ደረታቸው ደርሷል። ሙዓዝ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጓል። ያን ጊዜ የአንተ ቃል መጣብኝ። ጉድጓዱ ሥራ የጀመረ ቀን ለብቻዬ ወስደህ የነገርከኝ፦ «እዚህ ውስጥ ሰው ከወደቀ ተከትሎት የገባውም አይወጣም። አየር ሳይገባበት ማንንም እንዳታስገቢ፣ እኔም ብሆን።»

ሙዓዝን በቀበቶው ይዤ ወደ ኋላ ጣልኩት። ተነስቶ ሲመጣ መሰላሉን ስቤ አወጣሁትና በአጥሩ ላይ ወደ ከበበ ጎሚስታ ቤት ወረወርኩት። ሙዓዝ መታኝ፤ አልቀየመውም። እኔ ከበበን «አየር! አየር አምጣ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እማዬ ከቤት የወጣችው ይሄኔ ነው። ያየችው መሰላሉን ስወረውር ብቻ ነው።

መብራት ባይኖርም የከበበ ኮምፕሬሰር ታንኩ ውስጥ አየር ነበረው። ጎማ የሚነፋበትን ቱቦ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀው። ወንድሜ፣ ያን ጊዜ እንዴት ብዬ ልንገርህ። አየሩ ከቱቦው ይፏጫል፤ ሙዓዝን ሁለት ጎረምሶች ይዘውት መሬቱን በእግሩ ይደበድባል፤ እማዬ ሻርፔን ጨምድዳ ይዛለች። «ሰብሪያ፣ አባትሽ እኮ ናቸው» አለችኝ። አልጮኸችም። «አባትሽ እኮ ናቸው።»

በኋላ ከበበ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ቱቦውን አፉ ላይ ይዞ ወረደ። አባባን አስሮ ሰጠን፤ ጎትተን አወጣናቸው። በታክሲ ስንወስዳቸው መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘጋጋ። ሙዓዝ በባዶ እግሩ ወርዶ፣ መኪኖቹን በእጁ እየደበደበ መንገድ አስከፈተ። ሆስፒታል ስንደርስ ተቀብለው አስገቧቸው። በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ ነገሩን ሁሉ ጠየቀን። ሲሰማ ሙዓዝን ትከሻውን ይዞ፣ «አንተም ገብተህ ቢሆን እናትህ...» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። ከዚህ ወዲያ ያለውን አጎታችን በአፉ ይንገርህ። እኔ አልጽፈውም።

እማዬ እስካሁን ፊቴን አታይም። የማቀርብላትን ከሌላ ሰው እጅ ነው የምትቀበለው። ያ ቃል የአንተ መሆኑን አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት። የምትቀየመው ልጅ አንድ ይበቃታል። ጉድጓዱ ዛሬውኑ ይደፈን ትላለች። እኔ አንተ እስክትመጣ ይቆይ ብያለሁ። ደፍነነው ወደ ከሰሉ ብንመለስ ያ ሳል ይመለስባታል፤ ክፍት ሆኖ ደግሞ በአጠገቡ ማለፍ ለእኔም ከብዶኛል። አንተ የምትለውን እሰማለሁ። ላሞቹን የከበበ ሚስት ወርቄ ታልብልናለች፤ ጓሮው በሰው ስለተሞላ ስትገባ ይደነብራሉ።

አንተን ሳንጠብቅ ስላደረግነው ይቅር በለን። ማቆየት እንደማይገባ ታውቃለህ። ጭቃው እላያቸው ላይ አልቀረም። ሙዓዝ በገዛ እጁ፣ ለብ ባለ ውሃ፣ ቀስ አድርጎ አጥቧቸዋል። መብራት አልመጣም ነበር፤ ከሰልም ቤታችን ከገባ ቆይቷል። ውሃውን ያሞቅኩለት በዚያው ጋዝ ነው። ነበልባሉ ትንሽ ስለነበረ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ሙዓዝ ጨርሶ ሲወጣ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ምድጃውን ያጠፋልኝ እሱ ነው።

አላህ ልብህን ያጽናልህ፣ መንገድህንም ያቅናልህ። ከአጎታችን ጋር የመጡት ሽማግሌዎች ሲቀመጡ አብረሃቸው ተቀመጥ። ብቻህን አትምጣ። እማዬ በሩን እያየች ናት።

የምትወድህ እህትህ