ቤዙ ከመኪናው የወጣበት ምክንያት

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፦

እንዴት ከርመሃል? ጤናስ እንዴት ይዞሃል? የዚያ የምትሠራበት የሰው አገር መጋዘን ብርድ አሁንም ጉልበትህን ይበላሃል ወይስ እማዬ የላከችልህ ሹራብ ትንሽ አስታገሰው? አብሮህ የሚያድረው አንኮራፊ ጓደኛህስ ደህና ነው? ወይስ እንቅልፍ ነስቶሃል? እኛ ተመስገን፣ ሁላችንም ደህና ነን። «ደህና ነን» የምልህ ግን በቤታችን ደንብ ነው፤ በእኛ ቤት ጣራው እየተቃጠለ እንኳ ሰላምታ ሳያልቅ ወሬ አይጀመርም። እንግዲህ ሰላምታውን ጨርሻለሁ።

ባለፈው «አባባ እኮ አልፈለጉኝም» ብለህ ጽፈህልኝ፣ እኔም «አባባን ታውቃቸው የለ» ብዬ መልሼልህ ነበር። ያን መልሴን እንዳልተጻፈ ቁጠርልኝ። ለካ እኛም አባባን አናውቃቸውም። እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ስህተት መልቀም ነው፤ ቀኑን ሙሉ የጠፋ አራት ነጥብ ስፈልግ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ከቤታችን የጠፋውን ነገር ግን ሳላየው ከርሜአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በመኪናው ሬዲዮ ነው። አባባ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከምሳ በኋላ ግቢ የቆመችው መኪናቸው ውስጥ ገብተው፣ መስኮቱን ዘግተው፣ ዜናና ዘፈን እንደሚያዳምጡ ታውቃለህ። እማዬ «ሰው ሁሉ ሳሎን አለው፤ የአባታችሁ ሳሎን ግን መሪ አለው» የምትለው ነው። አንድ ቀን ከመኪናው ወጡና «ይሄ ሬዲዮ ደክሟል፤ ሰውየው ያጉተመትማል እንጂ አይናገርም» አሉ። መቼም ሬዲዮ ያረጃል፤ ማን ይጠራጠራል? የመኪና ቴፕ ገጣሚውን ጠራን። ሰፈሩ ነጎድጓድ ይለዋል። ሲያወራ ግን በሹክሹክታ ነው፤ ድምፁን ለደንበኞቹ ሸጦ የጨረሰ ይመስለኛል። መጀመሪያ የበሮቹን ስፒከር ቀየረ። አባባ ጥቂት ቀን ደስ ብሏቸው ሰነበቱና «ይሄም ደከመ» አሉ። ቴፑ ተቀየረ፤ እሱም ደከመ። አምፕሊፋየር ተጨመረ፤ እሱም አልበረታም። ይህን ሁሉ በስልክ ስነግርህ ነው አንተ «ለአባባማ ደህና ነገር ነው የሚገባቸው» ብለህ፣ የእማዬን የልብስ ሣጥን የሚያህለውን ቤዝ ስፒከር በሰው የላክህልን።

ነጎድጓድ ቤዙን ሲያይ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ ይሄ በጆሮ አይደለም የሚሰማው፤ በሆድ ነው» አለኝ፤ እንደ ምሥጢር። ሣጥኑ የመኪናዋን የዕቃ መጫኛ እንዳለ ዋጠው። መለዋወጫ ጎማው ከቤቱ ተባርሮ ጓዳ ገባ። ከባትሪው እስከ ኋላ ድረስ ወፍራም ገመድ ዘረጋ፤ የሚንቀጠቀጠው ላይ ሁሉ ስፖንጅ ለጠፈበት። ታርጋው ብቻ አልረታ ብሎ፣ ቤዙ በመታ ቁጥር ብርድ እንደ መታው ሰው ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። ሲከፈት የእማዬ ብርጭቆዎች ቁም ሣጥን ውስጥ እርስ በርስ ተሳለሙ። አባባ ፊታቸው በራ። «አሁን ገና ሬዲዮ ሆነ!» አሉ፤ እኛም አጨበጨብን።

እውነቱን ልንገርህ፤ ዜና አንባቢው ጉድጓድ ገብቶ «አውጡኝ» የሚል ነበር የሚመስለው፤ አንድ ቃል አይለይም። እኔ ግን በሽማግሌ ደስታ ላይ እርማት አልጽፍም ብዬ ተውኩት። ጎረቤታችን ጡረተኛዋ ነርስ ሳይቀሩ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ በቁጣ መጡ፤ መስኮቱን አንኳኩተው አባባን ሲያዩ «ውይ፣ የጎረምሳ ሥራ መስሎኝ ነው» ብለው ተመለሱ። ነርስ ናቸው እንግዲህ። እሳቸውም አላወቁ።

ያን እሁድ «የሥራ ውሌ እያለቀ ነው፤ ልምጣ ወይስ ላድሰው?» ብለህ ስትጠይቃቸው ስልኩን መኪናው ድረስ የወሰድኩላቸው እኔ ነበርኩ። ያንተን ኋላ በደብዳቤህ ነው ያነበብኩት፤ የሳቸውን ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ምንም አልጎደለብንም ልጄ፤ ባለህበት በርታ» ብለው ስልኩን መለሱልኝ። አንተም በረታህ፤ ሁለት ዓመት ፈረምክ።

ከዚያ የመኪናው ባትሪ ሞተ። ያ ቤዝህ ባትሪውን እንደ ውኃ ነበር የሚጠጣው። ጠዋት ላስነሳት ብሞክር ድምፅ የለም፤ ማታ ነጎድጓድን እጠራለሁ ብዬ ሥራ ሄድኩ። ያን ቀን ቀደም ብዬ ከሰዓት ስመለስ አባባ እንደ ልማዳቸው መኪናው ውስጥ ናቸው። ጣታቸው መሪውን ይመታል፤ አንገታቸው ይወዛወዛል። ሬዲዮው ላይ አንዲት መብራት እንኳ የለም። ከአጥሩ ማዶ ግን የጎረቤታችን የውኃ መሳቢያ ሞተር ይንደቀደቃል፤ መሬቱ ይርገበገባል፣ መኪናዋም አብራ። በሩን ከፈትኩ። «ነይ ግቢ፤ ዛሬስ ጥሩ ዘፈን ነው የያዙት» አሉኝ።

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አብሬ አዳመጥኩ።

በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ቢላት እማዬ «ሬዲዮው ከተበላሸ ጀምሮ» አለችው። ሰውየው ብዕሩን አስቀምጦ ሁላችንንም በየተራ አየን። ወፍራሙ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ይደርሳቸዋል አለ፤ ንግግርን ንግግር የሚያደርገው ቀጭኑ ግን ሄዷል። የመስሚያ መሣሪያ ታዞላቸዋል፤ ጥቂት ይረዳል ተብሏል። ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ ይበልጥ በረዳቸው ነበር አለን። እኛ መኪናዋን እያሳከምን ነበር።

ቤት ስንገባ በማተሚያ ቤት ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በትልልቁ «ለምን አልነገሩንም?» ብዬ ጻፍኩላቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። «መጀመሪያማ እኔም ሬዲዮው ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ኋላ ሲገባኝ ያ ልጅ በብርድ እየሠራ ያን የሚያህል ሣጥን ልኮልኛል። ጆሮዬ ነው ልበለው?» ስልኩንስ እንዴት ይመልሱ ነበር አልኳቸው፣ አሁንም በጽሑፍ። «ሩቅ ያለ ልጅ አባቱን ምን ይጠይቃል? ምን ጎደለ ነው የሚል። እኔም ምንም አልኩ።»

ያን ጊዜ ያንተን ጥያቄ ጻፍኩላቸው። ከሥሩ የሳቸውን መልስ ጻፍኩ። ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና የገዛ መልሳቸውን እንደ ሰው ጽሑፍ መረመሩት። «ጥሩ መልስ ነው» አሉ። «የኔ ግን አይደለም።» እማዬ ወደ ጓዳ ገባች፤ ጎማውን ልታይ ነው እንዳንል ጎማ አይታ አታውቅም።

ጠዋት አባባ ነጎድጓድን ጠርተው የመኪናውን ኋላ አስከፈቱ። «አውጣው» አሉት። ልጁ ደነገጠ። «አባባ፣ ይሄን የመሰለ ቤዝ? ሰፈሩ ሁሉ የሚቀናበት?» ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። አልሰሙትም፤ ፊቱን አይተው ግን ገባቸው። «የልጄ ሻንጣ የት ሊገባ ነው ታዲያ?» አሉት። እኔ ሮጬ «ፈርሟል፤ ገና ሁለት ዓመት ነው፤ እስከዚያ ይቆይልዎት፣ የሚደርስዎ ድምፅ እሱ ብቻ ነው» ብዬ ጻፍኩ። አነበቡ፤ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ለነጎድጓድ በእጃቸው ቀጥል አሉት።

ወንድሜ፣ ውልህን አፍርሰህ ና ለማለት አይደለም የጻፍኩት፤ ውል ውል ነው። አባትህ «አትምጣ» እንዳላሉህ ግን እወቅ። በስልክ ያጣነውን በወረቀት እናግኘው፤ ጻፍላቸው። እባክህ በዚያ የጉንዳን ሰልፍ በሚመስል እጅህ ሳይሆን፣ ተለቅ ተለቅ አድርገህ።

እማዬ ጉልበትህን ሸፍነህ ተኛ ትልሃለች። ታናሽ ወንድማችን ቤዙ ላይ ተቀምጦ እራቱን ይበላል፤ ሳሎን ውስጥ እንደዚህ የተመቸው ወንበር የለም፤ «ሰላም በይልኝ» ብሏል። ነርሷ ጎረቤታችን ካፈሩበት ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ይጠይቁናል፤ አንተንም ጠይቀውሃል። ነጎድጓድ በሹክሹክታ ሰላም ይልሃል። አንኮራፊውን ጓደኛህን ሰላም በልልኝ፤ ሲያንኮራፋም አትቆጣው፤ መስማትህን አመስግን።

አባባን «ሰላምታ ልጻፍልዎ?» ብላቸው ብዕሩን ከእጄ ወሰዱት። ከዚህ በታች ያለው የራሳቸው ጽሕፈት ነው፤ አላረምኩትም።

ልጄ የመኪናው ኋላ ባዶ ነው አባትህ

ታናሽ እህትህ
ከግቢያችን፣ ከቆመችው መኪና ውስጥ
ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን