ኬብሉ ደህና ነበር

ኅዳር 3
መብራት ሦስቴ ሄዶ መጣ። የአክታ መመርመሪያው ማሽን ጠፍቶ ሲነሳ ቀንና ሰዓት ጠየቀኝ፤ ሞልቼለት አስነሳሁት። ከሰዓት ታካሚ የለም። አጨዳ ነው፤ በአጨዳ ማን ይታመማል? የላቦራቶሪ መስታወት ሳጥብ ዋልኩ።

ኅዳር 4
ብርቄ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። አባቷ ጋሽ ደሴ በበቅሎ ጭነው እዚህ ወገዳ ጤና ጣቢያ አደረሷት። ሁለት ወር ሙሉ ስታስል... በማይክሮስኮፕ ምንም አላየሁም። የሚያክማት መልካሙ፣ "ያለ ማስረጃ የቲቢ መድኃኒት አልጀምርላትም፤ ማሽኑ ይወስን" አለ። ናሙናውን አስገባሁ። ሁለት ሰዓት ቆይቶ "ተጠናቋል" አለ። ውጤቱን ራሱ አያሳይም፤ በኬብል ለኮምፒውተሩ ይልካል። "የዛሬ ውጤት" የሚለውን ከፈትኩ... ባዶ።

ኅዳር 5
ኬብሉን ነቀልኩ፣ ሰካሁ። በሌላ ቀየርኩ። ያው ነው። ደብረ ታቦር ላለው የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ለይታየው ደወልኩ። "ፒንግ አድርጊው እስቲ፤ ይሰማ እንደሆን ጥሪ ላኪለት።" አደረግኩ። ማሽኑ አራቴ ተጠራ፣ አራቴም አቤት አለ። እንግዲያው ይሰማል! ታዲያ ለምን አይናገርም? "አድራሻው ተለውጦ ይሆናል።" ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩለት። ልክ ነው። እሱም ግራ ገባው።

ኅዳር 7
የብርቄን ደገምኩ። የሌሎች ስድስት ሰዎችም ገባ። ሁሉም ባዶ። መልካሙ ሊያስቀኝ፣ "ላም አለኝ በሰማይ..." አለ። አልሳቅኩም። ማሽኑ አይሠራም የሚል ወረቀት በሩ ላይ ለጠፍን። ስወጣ ብርቄ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። "እትዬ፣ ዛሬስ?"
"ነገ" አልኳት። ለምን ነገ እንዳልኩ እንጃ።

ኅዳር 9
ጋሽ ደሴ መጡ። "ልጄ፣ ገብሱ እየረገፈብኝ ነው። ያሳደሩንም ሰዎች ሰልችተውናል። ስትሠሩት ጥሩን።" ትንሽ ይታገሡ ማለት ነበረብኝ። እስከ መቼ ቢሉኝስ? አፈርኩና ስልካቸውን ብቻ ጻፍኩ። መልካሙ የሳል ሽሮፕ ሰጣት። ሄዱ።

ኅዳር 12
ሚካኤል። ከተማው ቆሻሻውን አቃጥሎ ኅዳርን አጠነ፤ በሽታ ይውጣ ብሎ። እኔ ኬብል ስነቅል ዋልኩ።

ኅዳር 19
ይታየው ራሱ መጣ። ኬብል አልነካም። ወንበሬ ላይ ተቀመጠና፣ "በስም ፈልገሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። አላውቅም። የዛሬን ዝርዝር ብቻ ነው ሳይ የከረምኩት። ብርቄ ደሴ ብሎ ጻፈ። ወጣች። ሁለቱም ውጤቶች። አለባት።
ቀኑ 04/03/2018 ይላል። ለእኔ ኅዳር አራት። ለኮምፒውተሩ ግን በፈረንጅ ማርች አራት፤ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዶ ከድሮዎቹ ጋር ቀብሯታል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ማን ሞላው? እኔ። በገዛ እጄ። የሌሎቹም ስድስት ሰዎች እዚያው ናቸው፤ እነሱስ ነጻ ናቸው። ይታየው የማሽኑን ቀን በፈረንጅ አስተካክሎልኝ ሄደ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 20
የጋሽ ደሴ ስልክ አይሠራም። ለቀበሌያቸው ጤና ኤክስቴንሽን፣ ለአመተ ማርያም ስሞክር ውዬ ማታ አነሳች። ብርቄን አሁኑኑ ላኪልኝ፣ ውጤቷ ወጥቷል አልኳት።
"ብርቄ? የሚካኤል ማግስት ቀበርናት እኮ። አልሰማሽም?"
ከየት እሰማለሁ... ደህና ሁኚ እንኳ ሳልላት ዘጋሁት።

ኅዳር 24
ሥራውን ልተወው? ብተወውስ ትነሳለች?

ኅዳር 26
መልካሙ "የሁላችንም ጥፋት ነው" ይላል። አይደለም። የእኔ ነው።

ታኅሣሥ 2
ጋሽ ደሴ መጡ። ፀጉራቸውን ተላጭተዋል። ታናሿን፣ ፍቅርን ይዘዋል፤ አሥራ አንድ ዓመቷ። ታስላለች።
"አንቺማ ብዙ ደክመሽላት ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ።
ይህን ምርቃት እንዴት ልቀበል? "ጋሽ ደሴ፣ የብርቄ ውጤት በመጣችበት ቀን ደርሶ ነበር። ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እናንተ እዚህ ስትጠብቁ እዚሁ ነበር፤ አላየሁትም።"
ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። ፍቅርን በትከሻዋ ይዘው ወደ እኔ አስጠጓት።
"የዚችኛዋስ ስንት ቀን ይፈጃል?"
"ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው።"
"ሁለት ሰዓት" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ለራሳቸው፣ "ሁለት ሰዓት።"
አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። ውጤቱ በሰዓቱ መጣ። አለባት። መድኃኒቷን ዛሬውኑ እንድትጀምር መልካሙ አዘዘ። የመድኃኒቱን ከረጢት እኔው ይዤ ወጣሁና ዘረጋሁላቸው። እጃቸውን አላነሱም። መልካሙ ከእጄ ወስዶ ሲሰጣቸው ተቀበሉ።